የፋሲካ ሰሞን ዓይን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይጠፋል)



ዛሬ ጠዋት ዋሽንግተን ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ ከኮሎምቢያ ሮድ ወደ 18ኛው መንገድ ስታጠፍ፣ ጠና ያሉ የአገራችን ሰው፣ ባለታክሲ፣ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው የፊት መስታወቱን ሲወለውሉ አገኘኋቸው። መስታወቱ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዱቄት ለብሷል፤ ሽሮ የተነፋበት ይመስላል። በቀኝ እጃቸው ጨርቁን ይዘዋል፣ በግራ እጃቸው ጀርባ ዓይናቸውን ያሻሉ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ምን ነካዎት?» አልኳቸው።

«ሌሊት ስነዳ አድሬ ይሆናል። ቀልቶ ያለቅሳል።»

«ያምዎታል?»

«ኧረ አያመኝም። ይበላኛል እንጂ! አውጥተህ እከከኝ ነው የሚለኝ።»

የዛሬው ዝግጅታችን በዚያች በአንዲት ቃል ላይ የቆመ ነው፤ «ይበላኛል» በምትለው። ዓይንን የሚያቀላ ነገር ብዙ ነው፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ጢስ፣ ጀርም፣ ድርቀት፣ ጉዳት። ዓይኑ ቀልቶ ዋናው ስሜት ማሳከክ ሲሆን ግን፣ በተለይ ሁለቱም ዓይን ከሆነ፣ አፍንጫም አብሮ ካሳከከና ካስነጠሰ፣ ሐኪም መጀመሪያ የሚያስበው አለርጂን ነው። አለርጂ ደግሞ የራሱ መድኃኒት አለው። ብዙዎቻችን ግን ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው መድኃኒት ስንታከመው እንከርማለን። በዚህ ላይ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ ላወራችሁ የምፈልገው።

አስቀድሞ ስለ ወቅቱ። ፋሲካችን በዚህ ዘመን ከኤፕሪል 4 እስከ ሜይ 8 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በ2025 ኤፕሪል 20 ነበር፤ በ2026 ኤፕሪል 12። በዋሽንግተን አካባቢ የኦክ ዛፍ ብናኙን፣ ፖለን የሚባለውን፣ በብዛት የሚለቀው ደግሞ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ነው። ሁለቱ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይገናኛሉ። የትንሣኤ ሌሊት ነጠላችንን ለብሰን ስንቆም ዓይናችን የሚያለቅሰው ከዕጣኑና ከጧፉ የተነሣ ብቻ አይደለም። በዚያ ሰሞን ነጠላው ታጥቦ በረንዳ ላይ ተሰጥቶ ከነበረ፣ ያንኑ ብናኝ ነው ፊታችን ላይ የተከናነብነው።

እዚህ ከተማ ጥፋቱን የሚሸከመው የቼሪ ዛፍ ነው። ከቶኪዮ ከተማ በ1912 በስጦታ የመጡት 3,020 ዛፎች በማርች መጨረሻ ሲያብቡ ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሳ ይሄዳል፤ በዚያው ሰሞን ዓይኑ ይቀላል፤ «የቼሪ አበባ ነው» ይላል። የቼሪ አበባ የሚያምረው ግን ንብ ለመጥራት ነው። ብናኙ ከባድና የሚያጣብቅ ስለሆነ በነፋስ ርቆ አይሄድም። የሚያስቸግሩን አበባቸውን ልብ ብለን የማናያቸው፣ በነፋስ የሚራቡ ዛፎች ናቸው። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ጥድ መሳዩ ሲዳርና ኤልም፣ ቀጥሎ ሜፕል፣ በኤፕሪል በርችና እንጆሪ፣ ከሁሉም በላይ ኦክ። በኤፕሪል መጨረሻ የእግረኛ መንገዱ ላይ ቡናማ የክር ጉንጉን የመሰለ ነገር ተከምሮ ታዩ የለ? እርሱ የኦክ አበባ ነው።

የምንኖረውም በኦክ መካከል ነው። አዳምስ ሞርጋን በ1890 ከተከለለው ከሮክ ክሪክ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። የዋሽንግተን ዲሲ ዛፍ ስካርሌት ኦክ ነው፤ የሜሪላንድ ዛፍ ነጭ ኦክ። በሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ሰፈር ስሙ ራሱ ዋይት ኦክ ነው። የምንገዛውን የዓይን ጠብታ የሚቆጣጠረው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ዋይት ኦክ ነው። የአካባቢውን ብናኝ በማይክሮስኮፕ የሚቆጥረው የአሜሪካ ጦር የአለርጂ ላቦራቶሪም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ይገኛል። በዜና «የዛፍ ፖለን ከፍተኛ ነው» ሲባል በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ90 በላይ ቅንጣት ተገኘ ማለት ነው፤ ከ1,500 ሲያልፍ «እጅግ ከፍተኛ» ይባላል። በኦክ ሰሞን ከዚህም የሚያልፍ ቀን አለ።

«እኔ አገሬ እያለሁ አለርጂ የሚባል አላውቅም ነበር» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው። እኔም አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ጸደይ በሰላም አለፈ፣ ሁለተኛውም፤ በሦስተኛው ጀመረኝ። አለርጂ በመጀመሪያ ትውውቅ አይመጣም። ሰውነት ያንን ብናኝ ደጋግሞ አይቶ፣ በስህተት እንደ ጠላት መዝግቦ፣ አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል እስኪያዘጋጅለት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ከመጣችሁ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቢጀምራችሁ አትደነቁ። «አየሩ አልተስማማኝም» የሚለው የድሮ አነጋገራችን ከእውነቱ ብዙም አልራቀም።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚያ በሦስተኛው ጸደይ እናቴ ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ዓይኔን እያሸሁ ስታየኝ ቦርሳዋን ከፍታ ያወጣችው ያንን ሁላችን የምናውቀውን ትንሽ ቱቦ ነው፤ ቴትራሳይክሊን። ሶፋው ላይ አስተኝታኝ የታችኛውን የዓይን ቆቤን ወደ ታች ስባ ቀባችኝ። አልፈረድኩባትም፤ ዛሬም አልፈርድባትም። እናቴ ያደገችው ዓይን ከቀላ ትራኮማ፣ በሰፈር አጠራር የዓይን ማዝ፣ በሆነበት አገር ነው። በዓለም ላይ ከፍተኛው የትራኮማ ሸክም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ ከኢትዮጵያም አማራ ክልል ክፉኛ ተጎድቷል። ጀርሙ በእጅ፣ በፎጣ፣ በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ደጋግሞ ሲይዝ የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠባሳል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። በነጠላቸው ጫፍ ወረንጦ ቋጥረው የሚዞሩ፣ በየጊዜው ፀጉሩን እየነቀሉ የሚኖሩ እናቶችን ያየ ሰው ቴትራሳይክሊን ለምን በየቤቱ እንደተቀመጠ አይጠይቅም። ለትራኮማ ጠዋትና ማታ ለስድስት ሳምንት ይቀባ የነበረ እውነተኛ መድኃኒት ነው።

ሆኖም ቴትራሳይክሊን የሚዋጋው ጀርም ነው። የኦክ ብናኝ ጀርም አይደለም። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን ቅባት አድርጌ፣ በጉም ውስጥ እያየሁ፣ ማሳከኩ ቅንጣት ሳይቀንስ ከረምኩ።

በዓይን ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳችሁ። ከዓይን ቆባችን በታች፣ ነጩን በሸፈነው ስስ ሽፋን ውስጥ፣ ማስት ሴል የሚባሉ ሴሎች አሉ። ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር በውስጣቸው ቋጥረው የተቀመጡ ከረጢቶች አድርጋችሁ አስቧቸው። ብናኙ እንባችን ላይ ሲያርፍ፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው አይጂኢ ይይዘዋል፤ ከረጢቶቹ ይፈታሉ፤ ሂስታሚን ይፈስሳል። ማሳከክ፣ መቅላት፣ ማበጥ፣ ማልቀስ፤ ሁሉም ከዚያ ነው። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሆን ነገር ነው።

ዓይናችንን ስናሽ ደግሞ ገና ያልተፈቱትን ከረጢቶች በእጃችን እንፈታቸዋለን። ለዚህ ነው ለአንድ አፍታ ደስ ካለን በኋላ ብሶ የሚመጣው። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። ለዓመታት በኃይል የሚታሽ ዓይን ፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ እየሳሳ ወደ ፊት ሊሾል ይችላል። ኬራቶኮነስ ይባላል፤ ከደረሰ በኋላ ተራ መነጽር በቅጡ አያስተካክለውም። ስለዚህ ከዛሬው ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህንን ያዙልኝ፤ ዓይናችሁን አትሹ፣ ልጆቻችሁም እንዳያሹ አድርጉ። «ተው» ብቻ ማለት ለልጅ አይበቃውም፤ የሚያሳክከውን ነገር ማስታገስ ያስፈልጋል። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ በተጨፈነ ዓይን ላይ አምስትና አሥር ደቂቃ ማስቀመጥ። ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ጠብታ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዞ መጠቀም፤ ብናኙን ያጥባል፣ ቅዝቃዜውም ያስታግሳል። ቀላል ነው፤ ሕፃንንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ፋርማሲ እንግባ። የዓይን መድኃኒት የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ስትቆሙ ሣጥኑ ሁሉ ዓይን ነው፤ ሁሉም «ለቀላ፣ ላሳከከ» ይላል። እዚያ ላይ ነው የምንሳሳተው። አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ቅላት የሚያጠፋውን ነው፤ ቫይዚን፣ ክሊር አይስ የመሳሰሉትን። እነዚህ የሚሠሩት የዓይንን ደም ሥር በማጥበብ ነው። ዓይኑ ለሰዓታት ነጭ ይሆናል፤ ከዚያ ደም ሥሩ ሲለቅ ካለፈው ብሶ ይቀላል፤ እንደገና ትጨምራላችሁ። በየቀኑ ለሳምንታት የሚጠቀም ሰው ቅላቱ ከአለርጂው ይሁን ከጠብታው የማይለይበት ደረጃ ይደርሳል። ለአንድ ሠርግ ቀን፣ ለአንድ ፎቶ ይሁን። የጸደይ ሙሉ መድኃኒት ግን አይደለም።

የምትፈልጉት ፀረ ሂስታሚን ጠብታ ነው። ሣጥኑ ላይ ከንግድ ስሙ በታች በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ። አንዱ ኬቶቲፈን ነው፤ ዛዲቶር ወይም አላዌይ በሚል ስም ይሸጣል፤ ከ2006 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይገኛል፤ ዕድሜው ሦስት ዓመት ለሞላው ልጅም ይሆናል፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት አራርቆ ነው። ሌላው ኦሎፓታዲን ነው፤ ፓታዴይ በሚል ስም። ቀድሞ በማዘዣ ብቻ ነበር፤ ከ2020 ወዲህ ከመደርደሪያ ላይ አንስታችሁ የምትገዙት ሆኗል። አጠቃቀሙ እንደ ጥንካሬው በቀን ሁለቴ ወይም አንዴ ነው። እነዚህ ሁለቱ ሂስታሚኑን ይከለክላሉ፣ ከረጢቶቹም እንዳይፈቱ ያጠናክራሉ። የመደብሩ የራሱ ስም ያለበት ርካሹ ሣጥን ውስጥ ያለው መድኃኒት ያው ነው፤ ስሙና መጠኑ አንድ መሆኑን ብቻ አመሳክሩ።

ሁለት ዓይነት ጠብታ የምትጠቀሙ ከሆነ በመካከላቸው አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ይወስደዋል። ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ አውጥታችሁ ጨምሩ፤ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ፤ ጠብታው ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል ሌንሱ ውስጥ ይገባልና። ዓይን ቀልቶ ባለበት ቀን ግን ሌንሱን ትታችሁ መነጽር አድርጉ።

አጨማመሩንም ብዙዎቻችን አልተማርነውም። እጅ ይታጠባል። ቀና ብላችሁ የታችኛውን ቆብ ስባችሁ በተከፈተው ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ፤ ሁለትና ሦስት አያስፈልግም፣ ዓይን የሚይዘው አንድ ጠብታ እንኳ ሙሉውን አይደለም። ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ጫን አድርጎ አንድ ሁለት ደቂቃ መያዝ። እዚያ ጥግ ላይ እንባ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ የሚወርድባት ቀዳዳ አለች። ጠብታ ጨምረን ጉሮሯችንን የሚመርረን ለዚህ ነው።

ይህ ወደ አንድ ጥያቄ ይወስደኛል፤ በየዐቢይ ጾሙና በየረመዷኑ ይነሣል። «በጾም ሰዓት የዓይን ጠብታ ይቻላል ወይ?» ፍርዱ የንስሐ አባታችሁ ወይም የሸኾቻችሁ ነው፤ እነርሱን ጠይቁ። የሕክምናውን ድርሻ ብቻ ልናገር። ጥጉን ጫን ብላችሁ ከያዛችሁ ወደ ጉሮሮ የሚወርደው በጣም ይቀንሳል። በቀን አንዴ የሚጨመረውን ዓይነት ከመረጣችሁ ደግሞ ከጾሙ ሰዓት ውጭ ባለው ጊዜ ጨምራችሁ ጥያቄውን ጭራሽ ልታልፉት ትችላላችሁ። ጾማቸውን ላለማፍረስ ብለው መድኃኒቱን ትተው ዓይናቸውን ሲያሹ የሚውሉ እናቶች ስላሉ ነው ይህን ያነሣሁት።

ስለሚዋጠው ክኒን ብዙ አልልም። ዚርቴክ፣ ክላሪቲን፣ አሌግራ አፍንጫችሁም የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ይጠቅማሉ፤ አንዳንዱን ሰው ግን ዓይኑን ያደርቁታል፤ ለዓይን ብቻ ከሆነ ጠብታው ፈጥኖ ይሠራል። ቤናድሪል የሚያስተኛ ነው፤ ታክሲ የምትነዱ፣ በሥራ ላይ ያላችሁ፣ ቀን አትውሰዱት። የአፍንጫ ስፕሬይ፣ ፍሎኔዝን የመሰለ፣ በየቀኑ በትክክል ከተወሰደ ለዓይንም የሚያግዝበት ጊዜ አለ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የምነግራችሁን እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ።

ከቴትራሳይክሊኑ በኋላ፣ በሚቀጥለው ጸደይ፣ አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጠብታ አመጣልኝ። «ይኼኛው ተአምር ነው» አለኝ። እውነትም ተአምር ነበር። በሁለት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፣ ዓይኔ ነጣ። ባለቀ ቁጥር አስላክሁ። ሁለት ጸደይ እንደዚያ አለፈ። ከዚያ ለመነጽር ብዬ የሄድኩባት ሐኪም የዓይኔን ግፊት ለክታ ዝም አለች፤ ደግማ ለካች። «ምን ዓይነት ጠብታ ነው የምትጠቀመው?» አለችኝ። ጠርሙሱን አሳየኋት። ዴክሳሜታዞን ነው፤ ስቴሮይድ።

ስቴሮይድ በሐኪም እጅ ሲሆን ትልቅ መድኃኒት ነው። የአለርጂ ብግነትን እንደ እርሱ የሚያጠፋ የለም። ነገር ግን የዓይንን ግፊት ሊያስነሣ ይችላል፤ ግፊቱ ከቆየ ግላኮማ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ግላኮማ ደግሞ አያምም፣ አያሳክክም፣ አያቀላም። እይታን ከዳር ዳር እየበላ ይመጣል፤ የበላውን አይመልስም። እኛ ጥቁር ሕዝቦች ደግሞ ድሮውንም ለግላኮማ ይበልጥ ተጋላጮች ነን። ስቴሮይድ ሲቆይ የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል፤ በልጆችም ላይ እንኳ። ዓይኑ የቀላው በሄርፒስ ቫይረስ ከሆነማ ስቴሮይድ ቫይረሱን ያባብሰዋል፤ ኮርኒያውን ሊያጠፋው ይችላል። የእኔ ግፊት ጠብታውን በሐኪሟ ክትትል ሳቆም ወረደ። ለሁሉም ሰው አይወርድም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ክፈቱ። ከአገር ቤት የመጣ፣ ስሙ በ«ሶሎን» ወይም በ«ዞን» የሚያልቅ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን የሚል ጠብታ ካለ፣ ወይም ከፀረ ጀርም ጋር ተቀላቅሎ «ዴክሳ» የሚል ቃል ያለበት ካለ፣ ለልጃችሁ አትጨምሩ። እየተጠቀማችሁበት ከሆነ ይዛችሁት ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱና ግፊታችሁን አስለኩ። አትፈሩ፣ አትደብቁ። ሐኪሙ የሚያስፈልገው ጠርሙሱን ማየት ነው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ይልቁን ስለ ልጆቹ ነው። ቨርናል የሚባል የዓይን አለርጂ አለ፤ ከተራው የጸደይ አለርጂ የከፋ ነው። ሞቃትና ደረቅ አየር ባለባቸው አገሮች፣ በእኛም አገር፣ በብዛት ይታያል፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ልጆችን ይይዛል። ልጁ ብርሃን ይሸሻል፤ ዓይናሩ እንደ ክር ይሳባል፤ የዓይኑ ነጭ ቡና ቀለም ይይዛል፤ የላይኛው ቆብ ከውስጥ ሲገለበጥ እንደ ኮብልስቶን ንጣፍ ጎርበጥባጣ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ጎርምሰው ሲወጡ ይተዋቸዋል። እስከዚያ ድረስ ግን ኮርኒያው እንዳይቆስል ሐኪም ሊይዘው ይገባል። እናት ግራ ሲገባት የምታገኘው ያው ስቴሮይድ ነው፤ ልጁ ጠብታውን ሲያገኝ ይጫወታል፣ ሲያጣ ያለቅሳል፤ እንዲህ እያለ ዓመታት ይሄዳሉ። ዛሬ ስቴሮይድ ያልሆነ አማራጭ አለ። ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት ለዚሁ በሽታ ተብሎ በጠብታ ተዘጋጅቶ በ2021 ኤፍዲኤ ፈቅዶታል። በማዘዣ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

የጡት ወተት፣ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ቀዝቃዛ ሻይ ዓይን ውስጥ የምታደርጉም አላችሁ። እጃችሁን ልያዝ። ንጹሕ ያልሆነ ፈሳሽ የተቆጣ ዓይን ውስጥ ሲገባ ጀርም ይዞ ይገባል። የፋብሪካ ጠብታ እንኳ ንጽሕናው ሲጎድል ምን እንደሚያደርስ በ2023 አይተናል፤ ኤዝሪኬር በሚል ስም ይሸጥ የነበረ ሰው ሠራሽ እንባ በጀርም ተበክሎ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በ18 ግዛቶች 81 ሰዎች ታመዋል፤ 14ቱ የማየት አቅማቸውን አጥተዋል፤ 4 ሰዎች ሞተዋል። የጠርሙሱን አፍ ዓይናችሁንም ጣታችሁንም አታስነኩ። አንዱን ጠርሙስ ለቤተሰብ ሁሉ አታዙሩ።

ጠብታ ሳይሆን ሐኪም የሚያስፈልግበትን ደግሞ ልለይላችሁ። ጠዋት ቆቡ ተጣብቆ የሚነሣ፣ ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ ዓይናር ካለ፣ የባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። በአንዱ ዓይን ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ ሌላው ከተሻገረ፣ ጉሮሮም ካመመ፣ የቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ይጋባል፣ ፎጣና ትራስ ለዩ። ሕመም ካለ፣ ብርሃን ካልቻላችሁ፣ እይታችሁ ከደበዘዘ፣ ወይም ኮንታክት ሌንስ እያደረጋችሁ ዓይናችሁ ቀልቶ ካመማችሁ፣ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።

ስትሄዱም በራሳችሁ ቋንቋ ተናገሩ። ለዓይን ሐኪም «ያሳክከኛል»ና «ያቃጥለኛል»፣ «ይቆረቁረኛል»ና «ያመኛል» አራት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ዓይኔን አመመኝ» ብላችሁ ከገባችሁ የሚሰጣችሁ መድኃኒት ለሕመም ነው። በዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያም የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ቀጠሮ ስትይዙ «አምሃሪክ» በሉ። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አስተርጓሚ አታድርጉ፤ ልጁ «ይበላኛል»ን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚለው ላያውቅ ይችላል።

ቤት ውስጥ ያለውን ቶሎ ልበል። በኦክ ሰሞን መስኮት ይዘጋ። ጫማ በር ላይ ይቅር። ከሥራ ስትገቡ ፊትና ቅንድብ ታጠቡ፤ ማታ ፀጉራችሁን ሳትታጠቡ ትራሱ ላይ ከተኛችሁ ብናኙን ሌሊቱን ሙሉ ስታሹት ታድራላችሁ። ነጠላና ጋቢ በማድረቂያ ይድረቅ። ባለታክሲዎች የመኪናችሁን የውስጥ አየር ማጣሪያ በጸደይ ቀይሩ፤ አየሩንም ከውጭ እንዳይስብ ወደ ውስጥ ዙር አድርጉት። ዓይኑ የተቆጣ ሰው ባለበት ቤት ቡናው ይፈላ፣ ዕጣኑ ግን ለዚያ ሰሞን ይቀነስ፤ ጢስ አለርጂ ባይሆንም የተቆጣን ዓይን ያባብሳል። ዓመቱን ሙሉ፣ በክረምትም የሚያሳክካችሁ ከሆነ ጥፋተኛው ከዛፍ ሳይሆን ከምንጣፉና ከፍራሹ ውስጥ ያለ የአቧራ ተባይ፣ ሻጋታ፣ በረሮ ወይም ድመት ሊሆን ይችላል፤ የአለርጂ ሐኪም በቆዳ ምርመራ ይለየዋል።

እኚያ ባለታክሲ ጋሼ «ታዲያ አሁን ገዝቼ ልጨምር?» ብለውኝ ነበር። አዎ፣ አሁንም ይጠቅማል። ይበልጥ የሚሠራው ግን ከረጢቶቹ ሳይፈቱ፣ ሰሞኑ ከመግባቱ አንድ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሲጀመር ነው። ለኦክ ማርች መጨረሻ ላይ መጀመር ነው።

ኦክ ሲያልፍ በሜይና በጁን ሣሩ ይተካል። ከዚያ ጁላይ ላይ ዕረፍት ታገኛላችሁ። ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ግን ራግዊድ ይመጣል፤ በባቡር ሐዲድ ዳር፣ በባዶ ቦታ የሚበቅል ተራ አረም ነው፤ አንዱ ተክል እስከ ቢሊዮን የሚደርስ ብናኝ ይለቃል፤ ውርጭ እስኪመታው ድረስ ይቆያል። የሚብሰው በሴፕቴምበር፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ከአደይ አበባ ጋር በዕፅዋት ቤተሰብ አንድ ነው፤ አገር ቤት እርሻውን ከወረረው ከፓርቲኒየምም ጋር። ፋሲካ ላይ ዓይናችሁ ደህና ሆኖ አዲስ ዓመት ላይ የሚቀላ ካላችሁ፣ የእናንተ ራግዊድ ነው። ለእርሱ ቀኑን መያዝ ቀላል ነው፤ ፍልሰታ ኦገስት 7 ይገባል። ጾሙ ሲገባ ጠብታውን ጀምሩ።

 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)